የዶሜይን ስምን ወደ አዲስ የዌብ ሆስቲንግ አቅራቢ ማዞር፦ ድረ ገጽና ኢሜይል እንዳይቋረጡ ማወቅ የሚገባው

ድርጅቶች ድረ ገጻቸውን ከአንድ የዌብ ሆስቲንግ አቅራቢ ወደ ሌላ የሚያዛውሩባቸው ምክንያቶች ልዩ ልዩ ናቸው። የኪራዩ ዋጋ ይንራል፤ አገልግሎቱ ይዘገያል፤ ውሉ ያበቃል፤ ወይም ዓመታዊውን ክፍያ በውጭ ምንዛሪ መፈጸም አስቸጋሪ ይሆንና አገር ውስጥ ያለ አቅራቢ ይመረጣል። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ተጠቃሚው የሚያውቀው የዶሜይን ስም እንዳለ ይቀጥላል፤ የሚለወጠው ስሙ የሚያመለክተው ኮምፒዩተር ነው። ለውጡ በራሱ የጥቂት ደቂቃዎች ሥራ ነው። ያለ ዝግጅት ሲፈጸም ግን ድረ ገጽን ለቀናት፣ ኢሜይልን ደግሞ ማንም ሳያስተውል ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ ሊያቋርጥ ይችላል።

ጉዳዩን ግልጽ ለማድረግ አንድ የቡና አምራች ገበሬዎች ዩኒየንን በምሳሌነት እንውሰድ። ዩኒየኑ በዶት ኮም የሚያበቃ ስም አለው እንበል፤ ድረ ገጹን የሚጎበኙት ሰዎች ብዙ አይደሉም። በዚያው ስም በተከፈተው የኢሜይል አድራሻ ግን የናሙና ጥያቄዎች፣ የውል ረቂቆችና የመርከብ ጭነት ሰነዶች ይመጡበታል። ዩኒየኑ አስተናጋጁን ሲለውጥ ድረ ገጹ በአዲሱ ሰርቨር ላይ በትክክል ቢከፈት እንኳ የገዥዎቹ ደብዳቤ ተመላሽ ከሆነ፣ ለውጡ ተሳካ ሊባል አይችልም። ድረ ገጽ ሲቋረጥ የሚያየው ሰው ደውሎ ይናገራል፤ ያልደረሰ ደብዳቤ ግን የሚያስተውለው የለም። ይህ ጽሑፍ ለኢሜይል ሰፋ ያለ ቦታ የሰጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ተለይተው መታወቅ ያለባቸው አገልግሎቶች

ብዙውን ጊዜ ስህተት የሚጀምረው የተለያዩ አገልግሎቶችን እንደ አንድ ከመቁጠር ነው። የመጀመሪያው የስሙ ምዝገባ ነው፤ ይህም ስሙን ለተወሰነ ዓመት የመጠቀም መብት የሚያስገኝ ሲሆን፣ የሚከናወነውም መዝጋቢ ወይም ሬጅስትራር በሚባል ድርጅት በኩል ነው። በአገራችን መለያ በዶት ኢቲ የሚያበቁ ስሞችን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ሁለተኛው የስሙ አድራሻዎች የተጻፉበትን መዝገብ ይዞ ለጠያቂ ሁሉ መልስ የሚሰጠው የኔም ሰርቨር አገልግሎት ነው። ሦስተኛው የድረ ገጹ ፋይሎችና ዳታቤዝ የሚቀመጡበት ሆስቲንግ ነው። ኢሜይልም ራሱን የቻለ አራተኛ አገልግሎት ሊሆን ይችላል።

አራቱንም ከአንድ አቅራቢ በአንድ ደረሰኝ የገዛ ድርጅት ልዩነታቸውን ላያስተውል ይችላል። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው አንዱን ብቻ ለመለወጥ ሲነሣ ነው። ሆስቲንግን መለወጥ ማለት ስሙን ከመዝጋቢው ማዛወር ማለት አይደለም፤ ዩኒየኑ ስሙን በነበረበት መዝጋቢ ዘንድ ትቶ ድረ ገጹን ብቻ ሊያንቀሳቅስ ይችላል። አንዳንድ አቅራቢዎች «ሁሉንም ወደ እኛ አምጡ» ማለታቸው የተለመደ ነው። ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ሳምንት መፈጸም ግን አይመከርም፤ ችግር ሲከሰት መነሻውን መለየት ያስቸግራልና። ከዚህም ሌላ እንደ ዶት ኮም ባሉ ዓለም አቀፍ መለያዎች አዲስ የተመዘገበ ወይም በቅርቡ የተዛወረ ስም እስከ 60 ቀናት ድረስ ወደ ሌላ መዝጋቢ እንዳይዛወር ሊከለከል ይችላል። የሆስቲንግ ለውጥን ይህ ገደብ አይመለከተውም።

ስም ወደ አድራሻ የሚተረጎምበት መንገድ

ኮምፒዩተሮች እርስ በርስ የሚገናኙት በቁጥር ነው። በስፋት የሚሠራበት የአይፒ አድራሻ እንደ 192.0.2.10 ያለ በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች ስብስብ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቁጥር ከ0 እስከ 255 ይደርሳል። በይነ መረብ ገና ጥቂት ኮምፒዩተሮችን በሚያገናኝበት ዘመን የስሞችና የቁጥሮች ዝርዝር በአንድ ፋይል ተጽፎ በአሜሪካ በሚገኝ አንድ የምርምር ተቋም ይያዝ ነበር፤ ሌሎቹም ከዚያ እየገለበጡ ይጠቀሙበት ነበር። ዝርዝሩ እየረዘመ ሲሄድ ይህ አሠራር አላዋጣም። እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ የተባለው የኮምፒዩተር ሳይንስ ባለሙያ ኃላፊነቱን ለየስሙ ባለቤት የሚያከፋፍል ሥርዓት ነደፈ። ዲኤንኤስ በመባል የሚታወቀውና እስከ ዛሬ የምንገለገልበት ሥርዓት ይኸው ነው።

አንድ ገዥ የዩኒየኑን ስም በማሰሻው ላይ ሲጽፍ፣ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪው ጠያቂ ሰርቨር በቅድሚያ ከሥርዓቱ ሥር ይጀምራል። ሥረ ሰርቨሮቹ በ13 ስሞች የሚታወቁ ሲሆን፣ የዩኒየኑን አድራሻ ራሳቸው አያውቁም፤ የዶት ኮም ሰርቨሮች የት እንዳሉ ብቻ ይጠቁማሉ። የዶት ኮም ሰርቨሮችም እንዲሁ አድራሻውን ሳይሆን የዩኒየኑን ኔም ሰርቨሮች ስም ይሰጣሉ። የመጨረሻውን መልስ የሚሰጡት እነዚህ ኔም ሰርቨሮች ናቸው። ከላይ ወደ ታች እየተመራ የሚሄድ ባለጉዳይ ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ደርሶ የቤት ቁጥር እንደሚጠይቀው ማለት ነው።

ጠያቂው ሰርቨር መልሱን ካገኘ በኋላ ለሚቀጥለው ጠያቂ እንዲሆነው ለተወሰነ ጊዜ ይዞ ያቆየዋል። የሚያቆይበትን ጊዜ የሚወስነው ቲቲኤል የተባለው በሰከንድ የሚጻፍ ቁጥር ነው። 3600 ማለት አንድ ሰዓት፣ 86400 ማለት አንድ ሙሉ ቀን ነው። የሽግግሩ ምሥጢር አብዛኛው ያለው በዚህ ቁጥር ላይ ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከሁሉ አስቀድሞ፦ ስሙ በማን እጅ ነው?

ዝግጅቱ ከቴክኒክ አይጀምርም። ዩኒየኑ መጀመሪያ ማረጋገጥ ያለበት የዶሜይን ስሙ በማን ስም እንደተመዘገበና የመዝጋቢው ፓነል በየትኛው የኢሜይል አድራሻ እንደሚከፈት ነው። ድረ ገጹን የሠራው ባለሙያ ለማፋጠን ሲል ስሙን በራሱ ስምና በራሱ ኢሜይል ያስመዘገበበት፣ ወይም ከዓመታት በፊት ከሥራ የለቀቀ ሠራተኛ የይለፍ ቃሉን ብቻውን የያዘበት ሁኔታ ያልተለመደ አይደለም። ከባለሙያው ጋር ያለው ግንኙነት ሰላማዊ እስከሆነ ድረስ ችግሩ አይታይም። አስተናጋጅ ለመለወጥ በተነሡበት ቀን ግን ቁልፉ ከባለቤቱ እጅ ውጭ መሆኑ ይታወቃል። የክፍያ ደረሰኝ ብቻውን በመዝጋቢው ዘንድ ባለቤትነትን ላያረጋግጥ ስለሚችል፣ ስሙ በድርጅቱ ሕጋዊ ስም እንዲዞር አስቀድሞ በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሌላ ጥንቃቄ የሚሻ ጉዳይ አለ። የመዝጋቢው ፓነል የሚከፈትበት ኢሜይል በዚያው በሚዛወረው ስም የተከፈተ መሆን የለበትም። በሽግግሩ መካከል ኢሜይሉ ቢቋረጥ፣ ችግሩን ለማስተካከል የሚያስፈልገው የማረጋገጫ ኮድም የሚላከው ወደ ተቋረጠው ሳጥን ይሆናል፤ ቁልፉን ቤት ውስጥ ረስቶ በሩን እንደ መዝጋት ነው።

የምዝገባው ማብቂያ ቀንም አብሮ ሊታይ ይገባል። ቀኑ የሚጻፈው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሲሆን፣ አንዳንድ የውጭ ድርጅቶች ወሩን ከቀኑ ያስቀድማሉ። 09/05 የሚል ጽሑፍ ለአንዱ ሜይ 9፣ ለሌላው ሴፕቴምበር 5 ነው። ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ለውጦ በድርጅቱ የሥራ መርሐ ግብር ላይ ማስፈር ቀላል ሥራ ነው። ማብቂያው ከሁለት ወር ያነሰ ጊዜ ከቀረው ሽግግሩ ከመጀመሩ በፊት ምዝገባውን ማደስ ይመረጣል።

ሁለቱ መንገዶች

ስምን ወደ አዲስ አስተናጋጅ ለማዞር ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ኔም ሰርቨሮቹን ሙሉ በሙሉ መለወጥ ነው፤ በመዝጋቢው ፓነል ላይ የነበሩት የቀድሞው አቅራቢ ኔም ሰርቨሮች ይሰረዙና የአዲሱ አቅራቢ ይተካሉ። ሁለተኛው ኔም ሰርቨሮቹን ሳይነኩ በመዝገቡ ውስጥ የድረ ገጹን አድራሻ የያዘውን መስመር ብቻ መለወጥ ነው። ይህ መስመር የ«ኤ» መዝገብ ይባላል፤ ለምሳሌ 192.0.2.10 የነበረው 203.0.113.25 ይሆናል።

አዳዲስ አቅራቢዎች በአብዛኛው የሚመክሩት የመጀመሪያውን ነው፤ ለእነርሱ ድጋፍ መስጠት ይቀልላቸዋል። ኢሜይሉን በሌላ ቦታ ለሚያስተዳድር ድርጅት ግን ሁለተኛው የተሻለ ነው ብለን እናምናለን። ኔም ሰርቨር መለወጥ ማለት ሙሉውን መዝገብ መለወጥ ማለት ነው። አዲሱ ኔም ሰርቨር የድሮውን መዝገብ ወርሶ አይጀምርም፤ አብዛኛውን ጊዜ የድረ ገጹን አድራሻና የራሱን የኢሜይል አድራሻ ብቻ የያዘ አዲስ መዝገብ ከፍቶ ይጠብቃል። በቀድሞው መዝገብ ውስጥ የነበሩት የኢሜይል፣ የማረጋገጫና የንዑስ ስሞች መስመሮች ካልተገለበጡ በዚያው ይጠፋሉ።

ሁለተኛው መንገድ የማይቻልበት ጊዜ ግን አለ። ኔም ሰርቨሩ ከሚለቀቀው ሆስቲንግ ጋር በአንድ ውል የተሰጠ ከሆነ፣ ውሉ ሲቋረጥ መዝገቡም አብሮ ስለሚዘጋ ኔም ሰርቨሩን መለወጥ ግዴታ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ከለውጡ በፊት የቀድሞውን መዝገብ እያንዳንዱን መስመር መገልበጥ፣ በአዲሱ ላይ መሙላት፣ ከዚያም ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማመሳከር ያስፈልጋል። የፓነሉን ገጽ በምስል ማስቀረትም ጥሩ ልማድ ነው። ውሉ ከተቋረጠ በኋላ ያ ገጽ ዳግም አይገኝም።

ስሙ በዲኤንኤስሴክ የተፈረመ ከሆነ ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፊርማው መልሱ ከትክክለኛው ባለቤት የመጣ መሆኑን የሚያረጋግጥ ሲሆን፣ ማረጋገጫው ከላይ ባለው መለያ ዘንድ ተመዝግቦ ይቆያል። ኔም ሰርቨሩ ተለውጦ የድሮው ማረጋገጫ እዚያው ከቀረ፣ ፊርማ የሚያረጋግጡ ጠያቂ ሰርቨሮች አዲሱን መልስ እንደ ሐሰተኛ ቆጥረው ይጥሉታል። ማረጋገጫውን መጀመሪያ ማንሳት፣ ቢያንስ አንድ ሁለት ቀን መጠበቅ፣ ኔም ሰርቨሩን መለወጥ፣ በመጨረሻም እንደገና መፈረም ትክክለኛው ቅደም ተከተል ነው።

ኢሜይል

በመዝገቡ ውስጥ የደብዳቤ መድረሻን የሚያመለክተው መስመር ኤምኤክስ ይባላል። ይህ መስመር ከጠፋ ላኪ ሰርቨሮች የሚያደርጉት ነገር ብዙ ሰው የሚያውቀው አይደለም። በደንቡ መሠረት ኤምኤክስ የሌለው ስም ሲያጋጥማቸው የ«ኤ» መዝገቡን ተከትለው ደብዳቤውን ወደ ድረ ገጹ ሰርቨር ይወስዱታል። አዲሱ የድረ ገጽ ሰርቨር ደግሞ የዩኒየኑን ሠራተኞች የመልእክት ሳጥን አያውቅም፤ «እንዲህ ያለ ተቀባይ የለም» ብሎ ይመልሰዋል። ይህ መልስ የመጨረሻ ስለሆነ ላኪው ሰርቨር ዳግመኛ አይሞክርም። ሰርቨሩ ጨርሶ መልስ ባይሰጥ ኖሮ ይሻል ነበር፤ ላኪዎች ለአራትና አምስት ቀናት ያህል እየደጋገሙ መሞከር ልማዳቸው ነውና። ስለዚህ በግማሽ የተዘጋጀ ሰርቨር ጨርሶ ካልተዘጋጀ ሰርቨር የበለጠ ጉዳት ያደርሳል።

ኢሜይሉም ከሆስቲንጉ ጋር አብሮ የሚዛወር ከሆነ የመልእክት ሳጥኖቹ በአዲሱ ቦታ አስቀድመው በየሠራተኛው ስም መከፈት አለባቸው። እንደ መረጃና ሽያጭ ክፍል ያሉት የጋራ አድራሻዎችና ወደ ሌላ ሳጥን የሚያስተላልፉት ቅጽል አድራሻዎች ሊዘነጉ አይገባም። በሽግግሩ ሰዓታት ውስጥ አንዳንዱ ደብዳቤ በድሮው፣ አንዳንዱ በአዲሱ ሳጥን ይገባል፤ ሠራተኞች ሁለቱንም ማየት ይኖርባቸዋል። የቆዩ ደብዳቤዎችም በራሳቸው አይከተሉም፤ ተለይተው መገልበጥ አለባቸው።

የድሮው አቅራቢም የሚፈጥረው አንድ ስውር ችግር አለ። ስሙ ከድሮው ሰርቨር ላይ እስካልተሰረዘ ድረስ ያ ሰርቨር ራሱን የስሙ ትክክለኛ ቤት አድርጎ ይቆጥራል። በዚያው ሰርቨር ላይ ያለ ሌላ ደንበኛ ለዩኒየኑ ሲጽፍ፣ ደብዳቤው መዝገቡን ሳይጠይቅ በድሮው ሳጥን ውስጥ ይወድቃል። ከሁሉም ደብዳቤ እየደረሳቸው ከአንድ ደንበኛ ብቻ የማይደርሳቸው ድርጅቶች አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ኤስፒኤፍ የተባለው መስመርም አለ፤ በስሙ ደብዳቤ እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ይዘረዝራል። ድረ ገጹ የትዕዛዝ ማረጋገጫ ወይም የቅጽ መልእክት የሚልክ ከሆነ አዲሱ ሰርቨር በዚህ መስመር ካልተጨመረ ደብዳቤዎቹ በተቀባዩ ዘንድ የአይፈለጌ መልእክት ሳጥን ውስጥ ይቀራሉ።

ጊዜው ከየት ይመጣል?

«ለውጡ በዓለም ዙሪያ እስኪሰራጭ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይፈጃል» የሚለው አባባል በብዙ አቅራቢዎች ገጽ ላይ ይነበባል። አባባሉ ተጠቃሚን ያዘጋጃል፤ የሚሆነውን ነገር ግን በትክክል አይገልጽም። የሚሰራጭ ነገር የለም። ኔም ሰርቨሩ አዲሱን መልስ መስጠት የሚጀምረው ወዲያውኑ ነው። የሚዘገዩት የድሮውን መልስ ቀደም ብለው ተቀብለው የያዙት ጠያቂ ሰርቨሮች ናቸው፤ የያዙትም የመቆያ ጊዜው እስኪያልቅ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለው ሠራተኛ አዲሱን ገጽ እያየ ሃምቡርግ ያለው ገዥ የድሮውን ሊያይ ይችላል። አጠገብ ለአጠገብ በተቀመጡ ሁለት ስልኮች ላይ ሳይቀር ልዩነቱ ሊታይ ይችላል።

ይህን መረዳት ጥቅሙ ጊዜውን ማሳጠር ማስቻሉ ነው። የዩኒየኑ የ«ኤ» መዝገብ ቲቲኤል 86400 ቢሆን፣ ለውጡ ከመፈጸሙ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን አስቀድሞ ወደ 300 ዝቅ ይደረጋል። አንድ ቀን የሚጠበቀው የድሮውን ረጅም ቁጥር የያዙት ሁሉ ጊዜያቸው እስኪያልቅ ነው። ከዚያ በኋላ አድራሻው ሲለወጥ ደንቡን የሚያከብሩ ጠያቂ ሰርቨሮች ሁሉ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አዲሱን ያገኛሉ። በለውጡ ሰዓት ቁጥሩን ዝቅ ማድረግ ግን ዋጋ የለውም፤ የድሮው ቁጥር ቀድሞ ወጥቷል።

ኔም ሰርቨር በሚለወጥበት ጊዜ ይህ መላ ሙሉ በሙሉ አይሠራም። የዩኒየኑን ኔም ሰርቨሮች የሚጠቁመው መስመር ያለው በዶት ኮም ሰርቨሮች ላይ ሲሆን፣ ቲቲኤሉ 172800 ማለትም ሁለት ቀን ነው። ይህን ቁጥር የስሙ ባለቤት ሊለውጠው አይችልም። «48 ሰዓት» የሚለው አነጋገር እውነተኛ መሠረት የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህም በእነዚህ ሁለት ቀናት የድሮውም ሆነ አዲሱ ኔም ሰርቨር አንድ ዓይነት መልስ እንዲሰጡ በድሮው መዝገብም አዲሱን አድራሻ መጻፍ ብልህነት ነው።

አዲሱን ቤት ማሰናዳት

ስሙ ከመዞሩ በፊት ድረ ገጹ በአዲሱ ሰርቨር ላይ ሙሉ ሆኖ መሥራት አለበት። ፋይሎቹና ዳታቤዙ ይገለበጣሉ፤ አንድ ተጨማሪ ቅጂ ከሁለቱም አቅራቢዎች ውጭ በድርጅቱ እጅ ይቀመጣል።

በአማርኛ፣ በትግርኛና በሌሎች በግዕዝ ፊደል በሚጻፉ ቋንቋዎች መረጃ የሚያወጡ ተቋማት እዚህ ላይ የተለየ ትኩረት ሊሰጡ ይገባል። የግዕዝ ፊደላት እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ከተካተቱ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ በሦስት ባይት ይቀመጣል። ዳታቤዙ ከድሮው ሰርቨር ሲወጣ ወይም በአዲሱ ሲገባ ለላቲን ፊደል ብቻ በተሠራ አጻጻፍ ካለፈ የአማርኛው ጽሑፍ ተከታታይ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። አሳሳቢው ነገር የጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠ ጽሑፍ ተመልሶ ፊደል መሆን አለመቻሉ ነው፤ መፍትሔው ከድሮው ዳታቤዝ እንደገና ማውጣት ብቻ ነው። የድሮው ውል ተቋርጦ ከሆነ ይህም አይቻልም። እንግዳ የላቲን ምልክቶች ሆኖ የሚታይ ጽሑፍ ግን ብዙ ጊዜ መልሶ ሊስተካከል ይችላል። ስለሆነም ከግልበጣው በኋላ የመነሻ ገጹን ብቻ ሳይሆን የቆዩ ዜናዎችን፣ የፋይል ስሞችንና በቅጽ የተሞሉ የሰዎች ስሞችን ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል።

ስሙ ሳይዞር አዲሱን ሰርቨር እንዴት መፈተሽ ይቻላል? በእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ውስጥ ሆስትስ የሚባል ትንሽ ፋይል አለ፤ ከላይ የጠቀስነው የጥንቱ ዝርዝር ቅሪት ነው። በዚህ ፋይል ላይ አዲሱን ቁጥርና የዩኒየኑን ስም በአንድ መስመር የጻፈ ባለሙያ፣ ሌላው ዓለም የድሮውን እያየ እርሱ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ አዲሱን ያያል። ቅጾች ይላካሉን? ምስሎች ይከፈታሉን? የመግቢያ ገጹ ይሠራልን? ፈተናው ሲያበቃ መስመሩ መሰረዝ አለበት፤ ካልተሰረዘ ባለሙያው በለውጡ ሌሊት ያልተፈጸመውን ተፈጽሞ ያየዋል።

የምሥጠራ ሰርተፊኬትም አብሮ ይታሰብበታል። በነፃ የሚሰጡትን ጨምሮ ብዙዎቹ ሰርተፊኬቶች የሚሰጡት ስሙ ወደ ጠያቂው ሰርቨር ማመልከቱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ይህ ማለት ስሙ ከዞረ በኋላ ሰርተፊኬቱ እስኪወጣ ድረስ ጎብኚዎች «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ሊያዩ ይችላሉ። ክፍተቱን ለማስቀረት የድሮውን ሰርተፊኬት ከነቁልፉ ወደ አዲሱ ሰርቨር መገልበጥ፣ ወይም በመዝገቡ ላይ በሚጻፍ የማረጋገጫ መስመር አማካይነት ሰርተፊኬቱን አስቀድሞ ማውጣት ይቻላል።

የለውጡ ሌሊት

ለለውጡ የሚመረጠው ጎብኚና ደብዳቤ የሚያንስበት ሰዓት ነው። ለዩኒየኑ ከቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተስማሚ ነው፤ በዚያ ሰዓት ቶኪዮ እሑድ ማለዳ ላይ ናት፣ ኒው ዮርክም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፤ በሁለቱም ቢሮ ዝግ ነው። ከእሑድ ለሰኞ ቢሆን ኖሮ የቶኪዮ ሰኞ ማለዳ ይጀምር ነበር። ሁለቱም አቅራቢዎች በዚያ ሌሊት ስልክ የሚያነሣ ባለሙያ እንዳላቸው አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል። የሰርቨሮች ሰዓት በአብዛኛው የሚሄደው በዓለም አቀፉ መለኪያ ሲሆን አዲስ አበባ ከእርሱ በ3 ሰዓት ትቀድማለች፤ በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በሰርቨሩ መዝገብ ላይ 21:00 ተብሎ፣ በቅዳሜ ቀን ይነበባል። ከአቅራቢ ጋር ሰዓት ሲነጋገሩ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መግለጽ ብዙ አለመግባባት ያስቀራል።

በድሮው ድረ ገጽ ላይ አዲስ ነገር መጻፍ ከለውጡ ጥቂት ሰዓታት በፊት ይቆማል። ትዕዛዝ የሚቀበል ወይም ማመልከቻ የሚሞላበት ገጽ ከሆነ ጊዜያዊ ማስታወቂያ ተለጥፎ ቅጹ ይዘጋል፤ አለዚያ አንዳንዱ ማመልከቻ በድሮው፣ አንዳንዱ በአዲሱ ዳታቤዝ ይገባና ማስታረቁ ከሽግግሩ የበለጠ ሥራ ይሆናል። ከዚያም የመጨረሻው የዳታቤዝ ቅጂ ተወስዶ በአዲሱ ይገባል፤ የ«ኤ» መዝገቡም ይለወጣል።

እዚህ ላይ ደጋግሞ የሚረሳ አንድ መስመር አለ። ስሙ ከአራት ቁጥሩ አድራሻ በተጨማሪ የአይፒ ስድስተኛው ትውልድ አድራሻ ካለው፣ እርሱ ባለ አራት «ኤ» በሆነ ሌላ መስመር ተጽፏል። ይህ ካልተለወጠ ወይም ካልተሰረዘ በአዲሱ ትውልድ የሚገናኙ ጎብኚዎች ያለማቋረጥ ወደ ድሮው ሰርቨር ይሄዳሉ፤ የቢሮው ኮምፒዩተር ግን ምንም ችግር አያሳይም። በሦስት ደብልዩ የሚጀምረውና ያለ ሦስት ደብልዩ የሚጻፈው ስምም ሁለት የተለያዩ መስመሮች ናቸው። ሁለቱም መታየት አለባቸው።

ለማረጋገጥ ማሰሻን ደጋግሞ ማደስ አያስተማምንም፤ ማሰሻውም ኮምፒዩተሩም የየራሳቸውን ቅጂ ይይዛሉ። ኤንኤስሉክአፕ ወይም ዲግ በተባሉት መጠየቂያዎች በመጀመሪያ ራሱን ኔም ሰርቨሩን፣ ቀጥሎ እንደ 8.8.8.8 እና 1.1.1.1 ያሉትን ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ጠያቂ ሰርቨሮች መጠየቅ ይሻላል። ኔም ሰርቨሩ አዲሱን አድራሻ ከሰጠ፣ ሌሎቹ ግን ገና ከሆኑ፣ የቀረው መጠበቅ ብቻ ነው። ኔም ሰርቨሩ ራሱ የድሮውን ከሰጠ ለውጡ አልተመዘገበም ማለት ነውና መጠበቅ ፋይዳ የለውም። ከውጭ አድራሻ ወደ ዩኒየኑ፣ ከዩኒየኑም ወደ ውጭ የሙከራ ደብዳቤ መላክ የዚያው ሌሊት ሥራ ነው።

ከለውጡ በኋላ

የድሮውን ውል ከለውጡ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ወር ማቆየት ይመከራል። የሁለት አቅራቢ ክፍያ በአንድ ወር መደራረቡ ብክነት መስሎ ሊታይ፣ በበጀት ኮሚቴም ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል። ሆኖም አንድ የጎደለ ፋይል ወይም የተበላሸ የአማርኛ ጽሑፍ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ስለዚህ የአዲሱ ውል መጀመሪያና የድሮው ማብቂያ ገና በግዥው ዕቅድ ላይ እንዲደራረቡ ተደርጎ ሊዘጋጅ ይገባል። ሁሉም መረጋጋቱ ሲረጋገጥ ቲቲኤሉ ወደ ቀድሞው ከፍ ይደረጋል።

ውሉ ከመዘጋቱ በፊት በድሮው ሰርቨር የቀረው መረጃ ይሰረዛል፤ መሰረዙም ከአቅራቢው በጽሑፍ ይጠየቃል። የደንበኞችን ወይም የአባላትን ስም፣ ስልክና የባንክ ሒሳብ ቁጥር የያዘ ዳታቤዝ ባለቤቱ በለቀቀው ሰርቨር ላይ መቅረት የለበትም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ ጉዳይ የመልካም ልማድ ብቻ ሳይሆን የሕግ ኃላፊነትም ነው።

በመጨረሻም መዝገቡ ይጸዳል። ወደ ተዘጋ አገልግሎት የሚያመለክቱ የተረሱ ንዑስ ስሞች፣ ለምሳሌ ከዓመታት በፊት ለአንድ ኤግዚቢሽን የተከፈተ ገጽ፣ አደገኛ ናቸው። የተለቀቀውን አድራሻ ወይም አገልግሎት ሌላ ሰው ሲከራየው፣ በዩኒየኑ ስም የሚከፈት ገጽ በማያውቁት ሰው እጅ ይገባል፤ ጎብኚውም የሚያምነው ስሙን አይቶ ነው። በመዝገቡ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ መስመር የት እንደሚያመለክትና ማን እንደሚጠቀምበት ተጣርቶ፣ ባለቤት ያልተገኘለት መስመር ሊሰረዝ ይገባል።